አራት ክንድ ምናምን

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ግማሽ ማርክ ተበላን። የትምህርት ቤቱን ስም አንጠራም፤ ይህን የምንጽፈውም ቂም ለመወጣት አይደለም (ትንሽ ቂም አለብን፣ አንዋሽም)። የፊዚክስ ፈተና ነበር። ርዝመቱ 2.84 ሜትር፣ ወርዱ 1.1 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ስፋቱ ስንት ነው ይላል ጥያቄው። አባዛንና 3.1 ካሬ ሜትር ብለን ጻፍን። መምህሩ መልሱ 3.124 ነው ብለው በቀይ ሰረዙት።

ጉዱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከጎን ሴክሽን የምትማር ጓደኛችን ያንኑ ጥያቄ ከሌላ መምህር ተፈትና 3.124 ብላ ጽፋለች። እሷም ግማሽ ማርክ ተቀንሶባታል! ከመልሷ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ሲግ ፊግ!» ይላል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን ይዘን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። አንዱ ልክ ከሆነ ሌላው ስህተት መሆን አለበት፤ እኛ ግን ሁለታችንም ተቀጥተናል።

«ሲግ ፊግ» ያሏት ሲግኒፊካንት ፊገርን ነው። በአማርኛ ትርጉም ያላቸው አሃዞች እንበላቸው። ያኔ የተማርንበት መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ልኬት ነበርና ሕጎቹን ሸምድደናቸዋል፦ ስታባዛ በትንሹ አሃዝ ልክ ቁረጥ፣ ስትደምር በነጥብ ቤት ቁጠር፣ ከፊት ያለ ዜሮ አይቆጠርም፣ ከኋላ ያለው እንደ ሁኔታው። ለምን ተብሎ ግን አልተጠየቀም። ከፈረንጅ አገር የመጣ የላብራቶሪ ሥነ ሥርዓት መስሎን ነበር። ነገሩን ቆይተን ስናስበው ግን አያቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁት የነበረ፣ መርካቶ ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

እስኪ ሸማ ተራ እንግባ።

ሸማ ተራ ነጠላው፣ ጋቢው፣ ኩታው፣ ባለ ጥለት ቀሚሱ የሚሸጥበት የመርካቶ ክፍል ነው። ለበዓልና ለሠርግ ከእናታችን ኋላ ኋላ ስንጎተት ያደግንበት ቦታ። ሜትር የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት በዚህ አገር ጨርቅ የሚለካው በክንድ ነበር፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። የክንድ ግማሽ ስንዝር ነው፤ ከስንዝር በታች ደግሞ ጋትና ጣት አሉ። ሸጋ መለኪያ ነው። ሁሉም ሰው ይዞት ይዞራል፣ ቤት አይረሳም፣ አይሰረቅም። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ የሁሉም ሰው እኩል አይደለም። ስለዚህም ድሮ ጨርቅ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ ይሄድ ነበር ይባላል። ሻጩ አጭር ክንድ ቢኖረው ደስ ይለዋል፣ ገዢው ደግሞ ረጅም የአጎት ልጅ ቢኖረው።

ነገሩን ለመፈተሽ እኛ ጓደኛሞቹ በልብስ ሰፊ ሜትር ክንዳችንን ለካን። የሦስታችን 43፣ 45 እና 49 ሴንቲ ሜትር ወጣ። 49ኟ የዚያች የ3.124 ጓደኛችን ናት፤ ቁመቷም እንደዚያው ነው። በእሷ ክንድና በአጭሩ ክንድ መካከል በአንዱ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። በአሥር ክንድ 60 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ ራሱን የቻለ ጨርቅ!

አሁን ልብ በሉ። የድሮው ነጋዴ «አራት ክንድ» ይላል። «አራት ክንድ ተኩል» ይላል። «አራት ክንድ ጎደል ያለ» ወይም «አራት ክንድ ምናምን» ሊልም ይችላል። «አራት ነጥብ ሦስት ሰባት ክንድ» ያለ ነጋዴ ግን የለም። ማካፈል ስላቃተው አይደለም፤ ወለድና ትርፍ በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው ነው። መለኪያው እዚያ ድረስ እንደማይናገር ስለሚያውቅ ነው። ክንድ ከሰው ሰው ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚለያይ ከሆነ ከነጥብ በኋላ ሁለተኛ ቤት ላይ የሚቀመጥ አሃዝ ወሬ ነው። ሲግኒፊካንት ፊገር ማለት ይኸው ነው እንግዲህ፦ መለኪያህ የነገረህን ጻፍ፣ ያልነገረህን አትጨምር።

እዚያው ሸማ ተራ ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ነጠላ ሁለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተቆጠሩ ናቸው እንጂ የተለኩ አይደሉም። የጋቢው አራት ሦስት ነጥብ ዘጠኝም አራት ነጥብ አንድም ሊሆን አይችልም፤ ከነጥቡ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ዜሮ ብትደረድሩ እውነት ነው። የአራት ክንዱ አራት ግን አንድ አሃዝ ብቻ ያላት፣ እሷም የምትንቀጠቀጥ አራት ናት። ሁለቱም ሲጻፉ «4» ናቸው። ፈተና ላይ «የአምስት ኳሶች ክብደት» የሚል ጥያቄ ሲመጣ አምስቷን እንደ አንድ አሃዝ ቆጥሮ መልሱን የሚቆርጥ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የመለኪያ ክፍያና ክርክር ዛሬ መርካቶ በምንለው ቦታ አልተጀመረም። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በፊት አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ከተማዋን የነጭና የአገሬው ብለው ሲከፋፍሉ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት፤ ስሙም ከእነሱ ቀረ። ነጋዴው ሲዛወር ክንዱንም ሚዛኑንም ይዞ መጣ።

ስለ ሚዛን ካነሳን የማሪያ ትሬዛ ብር ነገር አይታለፍም። ይህች የኦስትሪያ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘች ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስትቀረጽ ኖረች። በእኛ አገር ገንዘብ ብቻ አልነበረችም፣ የሚዛን ድንጋይም ነበረች። ወርቅና ብር የሚመዘንበት ወቄት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአንድ ብር ክብደት ነበር። የቀራጩ ቤት ልክ 28.0668 ግራም ነው። ስድስት አሃዝ! አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ፓሪስ ያስቀረጹት ብር ደግሞ 28.075 ግራም ነው፤ ከትሬዛ እንዳይለይ ታስቦ።

ግን ያቺ ብር ከቀራጩ ቤት ወጥታ በጀልባ፣ በግመል፣ በበቅሎ፣ በስንት ሰው መቀነት ውስጥ ስትታሽ ከርማ ሚዛን ላይ ስትወጣ 28.0668 ናት ብሎ የሚምል ማን ነው? ገበያተኛው እንኳን ይህን ያውቅ ስለነበር የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ነቁጦች በጣቱ እየዳሰሰ ይመረምር ነበር፤ የተፋቀችውን አይቀበልም። ስለዚህ በወቄት የተመዘነ ወርቅ «28 ግራም» ብንለው ያምርበታል። ከዚያ ወዲያ ያሉት አራት አሃዞች የኦስትሪያ መንግሥት ናቸው፣ የገበያው አይደሉም።

ሪቻርድ ፓንክረስት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ስለ ኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ ረጅም ጥናት አውጥተዋል። ከጥናቱ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ አንድ ስም ያለው መለኪያ በየቦታው፣ በየሸቀጡና በየዘመኑ የተለያየ መጠን ነበረው። ነጥርም እንደዚያ፣ ፈረሱላም እንደዚያ። ይህን ማጭበርበር ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። እኛ ግን አይመስለንም። የአንድ ገበያ ሰዎች የራሳቸውን ፈረሱላ ያውቁታል፤ ችግር የሚመጣው ከሌላ ገበያ የመጣ ሰው ሲቀላቀል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ወደ ኪሎ ግራም ሲቀይረው ነው።

መቀየር አደገኛ ነው። አሃዝ የሚራባው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሜትርና ኪሎ በአገራችን ሕግ ሆኑና የድሮ መለኪያዎች በሰንጠረዥ ተደረደሩ። ክንድ 50 ሴንቲ ሜትር፣ ስንዝር 23 ሴንቲ ሜትር የሚል ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ አልነበረም እንዴ? 23 ሲደመር 23 ግን 46 ነው። አራቷ ሴንቲ ሜትር የት ገባች? የትም አልገባችም፤ ድሮም አልነበረችም። 50 የተባለው «ግማሽ ሜትር ገደማ» ለማለት ነው፤ 23 የተባለውም ከአንድ ሰው መዳፍ ነው። ሁለቱን ሁለት ሁለት እርግጠኛ አሃዝ እንዳላቸው ቁጥሮች አድርገን ስናጋጫቸው ነው የተጣሉት። ፈረሱላ ዕድለኛ ነው፤ ምርት ገበያ ቡና ሲያገበያይ 17 ኪሎ ግራም ብሎ ቆርጦለት ዋጋውን በእሱ ጠራ። አሁን የስምምነት ቁጥር ሆኗል፣ እንደ ጋቢው ድርብ።

ከትምህርት ቤት ወዲህ ያለው ታሪክ ደግሞ አጭር ነው። መሐንዲሶችና የፊዚክስ ተማሪዎች ለረጅም ዘመን ያሰሉ የነበረው በስላይድ ሩል ነው፤ ተንሸራታች ማስመሪያ በሉት። ያ መሣሪያ ሦስት አሃዝ ያህል ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ዓይን አያነብም። የዚያ ዘመን ተማሪ ሳይወድ በግዱ ጨዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤችፒ 35 የሚባል የኪስ ካልኩሌተር በ395 ዶላር ገበያ ላይ ወጣ፤ አሥር አሃዝ በአንዴ ያሳያል። ከዚያ ወዲህ 7ን ለ3 ያካፈለ ሁሉ 2.333333333 እየጻፈ ነው። ካልኩሌተሩ የገባለት ቁጥር ከክንድ ይምጣ ከጨረር አያውቅም፤ ለሁለቱም እኩል አሥር አሃዝ ይተፋል።

የሚያስቀን ነገር የስበት ቁጥሯ ናት። ጎበዝ ተማሪ ማለት 9.8 ሳይሆን 9.81 የሚል ነበር፤ «ተጨማሪ አሃዝ አውቃለሁ» ለማለት። 9.81 የአውሮፓ ቁጥር ናት፤ የእነ ለንደንና የእነ ፓሪስ። ምድር ወገቧ ላይ ትንሽ ታብጣለች፣ መሽከርከሯም እዚያው ላይ ስበቱን ይቀንሰዋል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ከመሆኗ በላይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላለች። በዚህ የተነሳ እዚህ እኛ ከተማ ስበቱ 9.77 ገደማ ነው። እንግዲህ 9.8 ብሎ የጻፈው ሰነፍ ተማሪ ልክ ነበር፣ 9.81 ብሎ የጻፈው ጎበዝ ደግሞ ስለ ለንደን ነው የመለሰው። መርካቶ ላይ ድንጋይ ጥሎ በሦስት አሃዝ ለሚያሰላ ሰው ሦስተኛዋ አሃዝ ከውጭ የመጣች ናት፤ ቀረጥም አልተከፈለባትም።

ብሔራዊ ፈተና ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ካልኩሌተር ክልክል ነው፣ ስበት 10 ነው በሉ ይባላል፣ መልሱም ከምርጫ ውስጥ ይመረጣል። ማሽን የሚያርመው ፈተና ስንት አሃዝ ለመጻፍ መብት እንዳላችሁ አይጠይቅም። ስለዚህ ሕጉ በሕይወት የሚኖረው ሰው በእጁ በሚያርመው የክፍል ፈተናና የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም እንደ መምህሩ ክንድ ነው። የኛ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ከነምክንያቱ ቢነገረን ግማሽ ማርኳ ባልከነከነችን ነበር።

ምክንያቱ ደግሞ አንድ መስመር የሚፈጅ ሥራ ነው። ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ወርዱ 1.1 ሜትር ነው የተባለው፤ ይህን የጻፈ ሰው የለካው እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ወርድ ከ1.05 እስከ 1.15 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም በ2.84 አባዙ፤ 2.98 እና 3.27 ይመጣሉ። ስፋቱ በእነዚህ መካከል የትም ሊያርፍ የሚችል ከሆነ 3.124 ብሎ መጻፍ ምን ማለት ነው? የመጨረሻዎቹ 2 እና 4 ከየት መጡ? ከጠረጴዛው አልመጡም፣ ከማባዣ ሰንጠረዥ ነው የመጡት። 3.1 እንኳ ራሷ ደፋር ናት፤ የነጥቧ 1 ትንሽ ትወዛወዛለች። ወርዱ 1.10 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያቺ ዜሮ «እስከ ሴንቲ ሜትር ለክቻለሁ» የሚል ምስክርነት ናት፣ መልሱም 3.12 ይሆን ነበር። ከኋላ ያለች ዜሮ ጌጥ አይደለችም።

ጋዜጠኝነት ተምረን ወደ ዜና ስንመጣ ያቺው ጓደኛ አሃዝ ተከትላን መጣች። የውጭ ዜና «100 ማይል ያህል» ብሎ ይጽፋል፤ ተርጓሚው ካልኩሌተሩን ያወጣና «160.93 ኪሎ ሜትር ያህል» ይላል። ያህል! ጸሐፊው ከመኪና መስኮት የገመተው ርቀት በአማርኛ በአሥር ሜትር ተለካ። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ 73,918,505 ተባለ፣ በኋላ የመጨረሻው ሪፖርት 73,750,932 አለ። በሁለቱ መካከል ከ167 ሺህ በላይ ሰው አለ። ቆጠራ እንደ ጋቢ ድርብ መሆን ነበረበት፤ አገር ሲያክል ግን መቁጠርም መለካት ይሆናል። ሁለቱም ሪፖርቶች የሚስማሙበት «74 ሚሊዮን ገደማ» ላይ ነው፤ የመጨረሻዋን 5 እና የመጨረሻዋን 2 የሸመደድን ሰዎች ነን እኛ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ ማታ፣ ሸማ ተራ በእሳት ተያዘ። ሱቆች ከነሸቀጣቸው ነደዱ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የደረሰ ሪፖርተር ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጉዳቱ በብር ስንት ይገመታል?» እኛም ብንሆን እሱኑ ነው የምንጠይቀው፤ ዜና ያለ ቁጥር አይሄድም ተብለን ነው ያደግነው። ግን እስኪ አስቡት። ዱቤ የሰጠውንም የተቀበለውንም የመዘገበበት ደብተር ከጨርቁ ጋር አብሮ የነደደበት ነጋዴ ምን ሊመልስ ይችላል? «ሁለት ሚሊዮን ገደማ» ይላል። ከአጠገቡ ያለው ደግሞ ተመሳሳይ ሱቅ ኖሮት፣ ተመሳሳይ ደብተር ተቃጥሎበት፣ «2,137,450 ብር» ቢል ዜናው ውስጥ የሚገባው የትኛው ነው? ሁለተኛው ነው። ጣቱን ሳያነሳ የተናገረ ይመስላላ! የመጀመሪያው ሰው «ያጋነነ» ወይም «በደንብ ያልያዘ» ተብሎ ይታለፋል፤ ሐቀኛው መልስ ግን የእሱ ነበር። ከተቃጠለ ደብተር አንድ አሃዝ ይወጣል፤ ሰባት አይወጣም።

ተቃራኒውም ግፍ ነው። ደረሰኙ ሌላ ቦታ ተቀምጦ የተረፈለት፣ እያንዳንዱን ጥቅል በቁጥር የሚያውቅ ነጋዴ ካለ፣ የእሱን 2,137,450 «ሚሊዮኖች» ብሎ የሚያጠጋጋ ሪፖርተር ዘርፎታል። ያ ሰው 1.10 ብሎ የጻፈ ሰው ነው፤ ዜሮዋን ልንነጥቀው አንችልም። ማጠጋጋት በራሱ ትሕትና አይደለም። ስለዚህ ከ«ስንት?» በፊት «እንዴት አወቁት?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በአማርኛ ልክ ማለት መጠን ነው፣ ልክ ማለት ትክክልም ነው፤ መለኪያን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በ2003 ዓ.ም. ራሱን ሲችል «ሥነ ልክ» የሚል ስም ሲወጣለት የሳቅን ጊዜ አለ። አሁን አንስቅም።

ይህን ሁሉ ለዚያች ጓደኛችን አነበብንላት። 3.1 ልክ እንደነበረ፣ የእሷ መምህር በትክክል እንደቀጧት፣ የእኛው መምህር ግን ግማሽ ማርክ እንዳለባቸው አስረዳናት። «3.124 ከ3.1 ይበልጣል» ብላ ዘጋችን። ምን እናድርጋት! ለማንኛውም የሚቀጥለው በዓል ላይ ሸማ ተራ ስንሄድ ይዘናት እንሄዳለን፤ ሻጩ ሜትር ይኖረዋል፣ ግን ለሁሉም 49 ሴንቲ ሜትር ክንድ አጠገባችን ቢቆም አይጎዳም።